ፉርሽካው ለዶሮ

ብላንታየር፣ ማርች 6 ቀን 1998

ወንድሜ ጃይሎሲ፣

ሰላምታው ይቆየንና መጀመሪያ ልቆጣህ። «እባክዎ እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ» ትለኛለህ እንዴ? እኔ ኤስናቲ መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ? እህቴን ልትጠይቅ የመጣህ ቀን እንኳ ጫማህ የተዋስከው መሆኑን ፊት ለፊት ነግሬሃለሁ። ዋርሳህ ነኝና ልሰድብህ መብቴ ነው፤ ውሸት ግን አልችልበትም።

እንግዲህ ቁጭ ብለህ አንብበው። ጃንዋሪ ላይ እህቴን ፋይኔሲን ያስወረዳት ነገር ልጅ አልነበረም። ዶክተር ቺሲንጋ ሁለቴ አስረዳኝ፣ እኔም ሁለቴ «ልጅ አልነበረም?» አልኩት። ጽንስ ሆኖ የጀመረው ሰው ሳይሆን ቀርቶ እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግጎ ነው ያደገው አለኝ። አሁን ካንሰር የሆነው ማህፀኗ ውስጥ የቀረው ርዝራዥ ነው። ለዘጠነኛው ወር ብዬ የሰፋሁት የልጅ ጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ እዚያው ይዤው ተቀመጥኩ።

ዶክተሩ ግን ወዲያው ሌላም ነገር ነገረኝ። ከካንሰር ሁሉ ይሄኛው በመድኃኒት የሚሸነፍ ነው። «አድነናት ነው የምንልክልዎ» አለኝ፣ እንዲሁ አፉን ሞልቶ። እኔም በዚህች ቃል ነው ቆሜ የምሄደው።

መድኃኒቱ ኬሞ ይባላል፣ በደም ሥሯ ነው የሚገባው። ጥቂት ቀን ትወስዳለች፣ ጥቂት ቀን ታርፋለች፣ እንደገና ትወስዳለች። ታስመልሳለች፣ ጃይሎሲ። የበላችውን አስመልሳ ስትጨርስ ውሃውን፣ ውሃው ሲያልቅ ባዶውን። ፀጉሯ ተመልጦ ካለቀ በኋላ በመስታወት አይታ «ጃይሎሲ ሲመጣ አጎቴን ያገባ ይመስለዋል» ብላ ሳቀች። የአጎታችንን የዌሊያሞን መላጣ ታውቀው የለ።

ምን ትበላለች ላልከኝ፣ እዚህ ላይ ምክርህን እፈልጋለሁ። ሆስፒታሉ ለበሽተኛ የሚያድለው ከነፉርሽካው የተፈጨ የበቆሎ አጥሚት ነው፣ ቀን ቀን ደግሞ ቦሎቄ። አጥሚቱ መልኩ አፈር ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው የሚበላው ዝናብ በቀረ ዓመት ነው እንጂ ለታመመ ይቀርባል? አንዴ ቀምሳ አስመለሰችው። እኔም ለጎረቤት አልጋ አስታማሚ ሰጠሁትና በራሴ እጅ ገባሁበት። ከቤት ያመጣሁትን በቆሎ ፈትጌ፣ ሦስት ቀን ዘፍዝፌ፣ አጥቤ፣ አስጥቼ፣ እንደገና ወቅጬ፣ ወተት የመሰለ ነጭ ዱቄት አወጣሁ። በሱ አጥሚት ሠርቼ፣ በጨርቅ አጥልዬ፣ ስኳር ጨምሬ በማንኪያ አጠጣታለሁ። ንድራንዴ ሰፈር ያለችው የአክስታችን ልጅ ፉርሽካውን ለዶሮዎቿ እየወሰደችው ነው፤ ዶሮዎቿ ወፍረው መራመድ አቅቷቸዋል። ነርሷ ግን «የኛንም ብትበላ ይሻላት ነበር» ብላ ተቆጣችኝ። አንተ ባሏ ነህና ምን ትላለህ? እንደምትለኝ አደርጋለሁ።

መቼ እንደምትመጣም ጻፍልኝ። ፋይኔሲ በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

ኤስናቲ


ጆሃንስበርግ፣ ማርች 21 ቀን 1998

ለእትዬ ኤስናቲ፣

ደብዳቤዎን ከብላንታየር የሚመላለሰው አውቶቡስ ሾፌር እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ሣር እያጨድኩ ነበር። ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ያጨድኩትን መልሼ አጨድኩት፤ አሠሪዬ እመቤት «ምን ሆነሃል?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። ልጅ አልነበረም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ስም አውጥቼለት ነበር። ለማንም አልነገርኩም፣ ለፋይኔሲም አልነገርኳትም። እርስዎም አይንገሯት።

ትድናለች ያሉኝን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ዶክተሩን እግዚአብሔር ይስጠው።

መምጣቴን ለጠየቁኝ፣ የሥራ ፈቃድ ወረቀቴ የሚያልቀው ጁላይ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ከወጣሁ ድንበሩ ላይ ይዘጉብኛል፣ ተመልሼም ሥራ አላገኝ። ፋይኔሲን ጁላይ በሏት። አራት ወር ምን አላት፣ በሏት። እኔ ግን እዚህ እንዴት እንደምቆጥረው አላውቅም።

ስለ ምግቡ ምን ጥያቄ አለው፣ እትዬ? የርስዎን ይስጧት። የሆስፒታሉን አፏ አያድርሱባት። የጃይሎሲ ሚስት የዶሮ ቀለብ እየበላች ነው እንዲባል አልፈልግም። ነርሷ ደሞዟን ትበላለች፣ እርስዎ ግን እህትዎ ናት። እኔ ታይፎይድ ይዞኝ ሞቼ የነበርኩ ጊዜ በርስዎ ነጭ አጥሚት አይደል የተነሳሁት? ያንኑ ይስጧት። ቦሎቄውም ሆዷን ይነፋታል፣ ይቅርባት።

እጅዎን እስማለሁ። ለሷ ደግሞ እኔ እዚህ መላጣ እንደምወድ ይንገሩልኝ።

ጃይሎሲ


ብላንታየር፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1998

ወንድሜ ጃይሎሲ፣

ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። እስክሪብቶ ጠፍቶኝ ነው ብልህ አታምነኝም፣ ስለዚህ አልልህም።

እንዳልከው እያደረግኩ ነው። ከአጥሚቱ ሌላ በአፏ የሚገባ የለም፤ ዓሣ ከሩቅ ከሸተታት ታስመልሳለች፣ ጎመንም አልሆነላትም። አጥሚቱንም ቢሆን ግማሹን ትመልሰዋለች። ሦስተኛውን ዙር ጨርሳለች። ዶክተሩ የደሟን ውጤት አይቶ በጣም ደስ ብሎታል፣ ካንሰሩ እየወረደ ነው ብሎኛል። ይህን ሁለቴ አንብበው።

አሁን ለእረፍት ተሰናብተን ንድራንዴ ከአክስታችን ልጅ ዘንድ ነን። አቅም ስላነሳት ሰፈሩ ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ወስጃት ግሉኮስ አሰቀልኩላት፣ ሦስት ከረጢት። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ስኳር ለደካማ ጉልበት ነው አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ጉንጯ ቀላ። እኔም «አየሽ!» አልኳት።

ዓይኗን ብዥ ይላታል። አንዳንዴም ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ይታያታል። ትናንት ቀና ብላ አየችኝና «ኤስናቲ፣ ሁለት ሆነሽ መጣሽ? አንዷስ መች ተቻለች» አለችኝ። በሳቅ ሞትን። ድካም ነው፣ ያልፋል።

በሾፌሩ በኩል ስለ እግሯ ጠይቀኸኛል፣ ማን እንደነገረህ አላውቅም። ግድግዳ ይዛ መሄዷ እውነት ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ሾፌሩ እየጠበቀኝ ነው።

ኤስናቲ


ጆሃንስበርግ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1998

እትዬ ኤስናቲ፣

ሾፌሩን ጠየቅሁት። ያን ቀን እንኳን ሊጠብቅዎት፣ ደብዳቤውን ያስቀመጡለት ከመነሳቱ አንድ ቀን አስቀድመው ነው።

እሑድ ለት ከአገራችን ከፋሎምቤ የመጣ ሰው አገኘኝ። ከሰው መሀል ጎተት አድርጎ አወጣኝና «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝ። ሞተች ያለኝ መስሎኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አልሞተችም፣ አብዳለች» አለኝ። ሰው አትለይም፣ ዓይኗ ይዋልላል፣ ያልተደረገ ታወራለች፣ አጎቷ ዌሊያሞ የባህል ሐኪም ሊያመጣ ነው፣ የሰው እጅ አለበት፣ የባሏ ወገን ነው እየተባለ ነው አለኝ። የኔ ወገን ማነው? እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው።

እኔ በሥራ ቦታ ስሟን እያነሳሁ ስስቅ የነበረው እሷ እንዲያ ሆና ሳለ ነው? ደብዳቤዎን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው እኮ። ሁለት ሆነሽ መጣሽ ያለችዎትን፣ ሁላቸውም ሳቁ።

የደበቁኝን ይጻፉልኝ። ካንሰሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ከሆነም ይጻፉልኝ። ካልጻፉልኝ ወረቀቱን ጥዬ እመጣለሁ፣ የመጣው ይምጣ።

ጃይሎሲ


ብላንታየር፣ ሜይ 5 ቀን 1998

ጃይሎሲ፣

ደብዳቤህን ሁለት ቀን ሳልከፍት ይዤው ዞርኩ። ምን እንደሚል አውቄዋለሁ።

ካንሰሩ ጭንቅላቷ ውስጥ አልገባም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ቀሪውን ደግሞ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ፤ እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትቅደደው።

ፋሲካ በዋለ በማግስቱ ነው። ውሃ አሙቄ ገላዋን ላጥባት ስገባ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አይቆምም፣ ወዲህ ወዲያ ይላል። አየችኝና እንደ እንግዳ ሰው ፈገግ ብላ «ይቅርታ እናቴ፣ እህቴን አይተውልኛል? ኤስናቲ ትባላለች» አለችኝ። በአንቱታ፣ ጃይሎሲ። እኔ ያዘልኳት ልጅ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «አይ፣ እሷ ወፈር ትላለች» አለችኝ። የያዝኩት ውሃ ተደፋ። ልትነሳ ስትል እግሯ እንደ ሰካራም ተጠላለፈና እላዬ ላይ ወደቀች። ሰውነቷ ምንም አይከብድም ነበር።

አጎታችን በነጋታው መጣ። እውነት ነው፣ የባህል ሐኪም አምጥቼ ላስጠንቁል ብሎ ነበር፣ ያንተንም ዘመዶች ስም አንስቷል። እኔም እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ። ግን የዶክተሩ «አድነናት» ያለው ቃል ያዘኝ። በታክሲ ጭኜ ሆስፒታል መለስኳት።

ዶክተር ቺሲንጋ አያት፣ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ዓይኗን አየ፣ ደግፎ አቆማት። ካንሰሩ ወደ ላይ ወጥቶ ይሆን ብሎ እሱም ደንግጧል፣ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እማማ፣ እስካሁን ምን ስትበላ ከረመች?» አለኝ።

እኔ ደግሞ ጃይሎሲ፣ ኮራሁ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ነገርኩት። እንዴት እንደምፈትገው፣ ሦስት ቀን እንደምዘፈዝፈው፣ ውሃውን እየቀያየርኩ እንደማጥበው፣ እንዴት ነጭ እንደሚሆን፣ በጨርቅ እንደማጠልለው። እጄንም አሳየሁት፣ የሙቀጫው ዘነዘና የላጠውን። እያወራሁ ሳለ መጻፉን ተወ።

«ፉርሽካውን ምን አደረጉት?» አለኝ።

«ለዶሮ ሰጠነው» አልኩት።

ወደ ነርሷ ዞረ፤ ያችው የተቆጣችኝ ነርስ ናት። አንድ ቃል ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ እየተጣደፈች ሄዳ መርፌ ይዛ መጣች።

እሱ እንደነገረኝ ልንገርህ። የእህሉ ፉርሽካ ውስጥ፣ ቦሎቄው ውስጥ፣ ለውዙ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ቫይታሚን ነው። ጭንቅላትና ነርቭ ያለሱ አይሠራም። የሚያስፈልገው ቁንጣሪ ነው፣ ሰውነት ግን ከጥቂት ሳምንት በላይ አያስቀምጠውም። እኔ ግማሹን ከበቆሎው ላይ ፈትጌ ጣልኩት፣ የቀረውን በውሃ አጥቤ ደፋሁት። ከዚያ የተረፈ ካለ እሷ አስመለሰችው። ሰውነቷ ውስጥ የቀረችዋንም ጭላጭ ያ ግሉኮስ ጨረሰው፤ ስኳር ሲቃጠል ያንኑ ቫይታሚን ይፈልጋል አሉ። በሽታዋን መድኃኒቱ እየገደለላት ሳለ እኔ ከስር ጭንቅላቷን ሳስርብ ከረምኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ዶክተሩ እንዲህ አላለኝም። እሱ «አላወቁም፣ እማማ» ነው ያለኝ።

ያንኑ ቫይታሚን በመርፌ በወጓት ማግስት ዓይኗ ቆመ። አንዴ ታይቶ የማይታመን ነገር ነው። በአራተኛው ቀን ኤስናቲ ብላ ጠራችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግድግዳ ይዛ እስከ በሩ ሄደች። እኔም ዳነችልኝ ብዬ እልል ልል ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን «ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?» አለችኝ፤ ጠዋቱን ሙሉ አብሬያት ነው የዋልኩት። ምሳ በልታ ሳህኑን ሳላነሳ «ምሳ አልበላንም እንዴ?» ትለኛለች። ሆስፒታል ለምን እንዳለች ስነግራት ትሰማለች፣ ትደነግጣለች፣ ትረሳዋለች። እንደገና ስነግራት እንደገና ትደነግጣለች።

ዛሬ ዶክተሩ የመጨረሻውን የደም ውጤት ይዞ መጣ። ካንሰሩ የለም። ጠፍቷል። ክትትል ብቻ ነው የቀረው። ስለ ማስታወሷ ስጠይቀው «ጥቂት ሊመለስ ይችላል፣ ሁሉም ግን አይመለስም» አለኝ።

ሌላ የደበቅኩህ የለም። ይቅር በለኝ አልልህም፣ በምን አፌ።

ኤስናቲ


ማንጎቺ፣ ጁላይ 28 ቀን 1998

ጃይሎሲ፣

እኔ እዚህ ልጄ ዘንድ ከሐይቁ ዳር ነኝ። ዓሣ እያደረቅሁ ነው። ሰው እንዳትጠይቅ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ የት ሄደች ብለህ ከጠየቅህ ማለቴ ነው።

ፋሎምቤ የደረስክ ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዕቃህን አውርደህ በአጠገቤ አለፍክ። ትክክል ነህ። እሷ ግን «ጃይሎሲ፣ ኤስናቲን ሰላም አላልካትም» ስትልህ ሰማሁ፣ ዝም ስትላትም ሰማሁ። በሁለታችሁ መሀል ከምቆም ብዬ ሳይመሽ ወጣሁ።

የቫይታሚን ኪኒኗ ጠዋት ጠዋት ናት፣ ምግብ ከቀመሰች በኋላ። ሰጥተሃት ከሆነ ወረቀት ላይ ምልክት አድርግ፣ እሷን አትጠይቃት፤ ውጫለሁ ትልሃለች። ሳትውጥም ውጫለሁ ትልሃለች፣ ዋሽታ አይደለም። በቆሎው ከነፉርሽካው ይፈጭ። ቦሎቄ አትከልክላት፣ አሁን ትወደዋለች።

መልስ አትጻፍልኝ። እየበላች መሆኗን ብቻ ይህን ላመጣልህ ለማንጎቺው አውቶቡስ ሾፌር ንገረው።

ኤስናቲ


ፋሎምቤ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1998

እትዬ ኤስናቲ፣

ሾፌሩ በየሳምንቱ ስለ መብላቷ ብቻ እንደሚጠይቁትና ከዚያ ሌላ ምንም እንደማይሉ ነገረኝ። ትበላለች። ከኔ ትበልጣለች። ፀጉሯም አድጓል፣ ጠንቋይ የመሰለ ጨብራራ ነው፣ አላስቆርጥም ብላለች።

ሁለት ወር ያልጻፍኩልዎት ብዕር አንስቼ ከስድብ ሌላ ስላልመጣልኝ ነው። አሁንም ስድቡ አልቆ አይደለም የምጽፈው።

የመጣሁ ሰሞን እንዴት እንደተቀበለችኝ አይተዋል። እኔንም ዘንግታ ይሆናል ብዬ መንገዱን ሁሉ ስጸልይ ነው የመጣሁት፤ ስሜን ጠርታ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ጊዜ እነዚህ ሰዎች ያበዱት እነሱ ናቸው አልኩ። ዞምባ ገበያ አብረን ሄደን ዝናብ ደብድቦን የሰው ሱቅ ውስጥ የተጠለልነውን አወራችልኝ። ባለሱቁ ምን እንዳለን፣ እኔ ምን እንደመለስኩለት። እየሳቅሁ ሰማኋት። መሀል ላይ ነው ክው ያልኩት። ዞምባ ገበያ አብረን ሄደን አናውቅም፣ እትዬ። አንድም ቀን። ፊቷን አየሁት፣ ምንም ውሸት የለበትም።

ሌላውን ደግሞ ለማንም አልነገርኩም። በሦስተኛው ቀን ሆዷን እየዳበሰች «ስንት ወሬ ነው?» አለችኝ። እኔም ሞኝ ነኝና እውነቱን ነገርኳት። እንዴት እንዳለቀሰች። ዛሬ የተረዳች ያህል። ዛሬ ነው እንጂ የተረዳችው፣ ለሷ። በነጋታው ጠዋት ሆዷን ይዛ «ስንት ወሬ ነው?» አለችኝ። ደግሜ ነገርኳት፣ ደግማ አለቀሰች። በማግስቱ ስትጠይቀኝ «ገና ነው፣ አይዞሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነኝ። ያወጣሁለትን ስም ነገርኳት። በየቀኑ እነግራታለሁ፣ በየቀኑ ትወደዋለች።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እርስዎ ያንን ረጅም ደብዳቤ ሲጽፉ ሁሉንም በራስዎ ላይ ጭነው ነው የጻፉት። አነበብኩት፣ ተቃጠልኩ፣ ገደለቻት ብዬ ለስንቱ ሰው ተናገርኩ። በአጠገብዎ ያለፍኩትም አውቄ ነው። ነገር ግን ማርች ላይ ምን ላብላት ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ነርሷ የነገረችዎትንም ሳይደብቁ ጽፈውልኝ ነበር። የዶሮ ቀለብ አትብላ ያልኩት እኔ ነኝ። ቦሎቄውንም የከለከልኩ እኔ ነኝ። ደብዳቤዬ እጅዎ ላይ አለ። አንድም ቀን አላነሱብኝም፣ ለአጎትዎ እንኳ አላሳዩትም። እኔ ደግሞ ያነሱብኛል ብዬ እየፈራሁ ነበር አስቀድሜ የተቆጣሁት። ይህን ለራሴ ለማለት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

እና ይምጡ።

ይቅር ተባብለናል ለማለት አይደለም። እርስዎን ሳይ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ ራሴንም በመስታወት ሳይ ያው ነው። ይምጡ የምልዎ ስለሷ ነው። ጠዋት ከተነሳች ጀምሮ ደጅ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ምን ትሠሪያለሽ ያላትን ሁሉ «ኤስናቲ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች» ትለዋለች። ምሳ ስናቀርብ የርስዎን ድርሻ ታስቀራለች። ሲመሽ ረስታው ትገባለች። ሲነጋ እንደገና ደጅ ትወጣለች። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሳታጓድል ጠብቃዎታለች፣ አንዷንም ቀን ግን አታውቃትም።

አውቶቡሱ ሐሙስ ከማንጎቺ ይነሳል። መገንጠያው ላይ እጠብቅዎታለሁ፣ ዕቃዎንም እኔ እይዛለሁ። ቤት ሲገቡ ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ በምን ዓይኔ አያታለሁ ብለው አይፍሩ። ለሷ የሄዱት ዛሬ ጠዋት ነው።

ጃይሎሲ